የማያቋርጥ አንባቢ፦ ኮምፒውተር ከድረ ገጽ ጽሑፍ ዕውቀት እንዲቀስም የተደረገው ጥረት ታሪክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምነግራችሁ የአንድ ተማሪ ታሪክ ነው። ይህ ተማሪ በጃንዋሪ 2010 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጀመረ። ቀንም ሌሊትም ያነብ ነበር። ያነበበውን በመዝገብ ያሰፍራል፣ ከመዝገቡም ተነሥቶ እንደገና ያነባል። ተማሪው ሰው አልነበረም፤ ኔል የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስያሜው «የማያቋርጥ የቋንቋ ተማሪ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ቶም ሚቸል ናቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥሁት በውስጡ እኛንም እንደ አንባቢና እንደ ተመራማሪ የሚመለከት ጥያቄ ስላለበት ነው። ብዙ ማንበብ ለማሽን አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው፣ አንባቢው መሳሳቱን በምን ያውቃል የሚለው ነው። በዘርፉ ለአርባ ዓመታት የተደረገውን ጥረት በዚህ ጥያቄ አንጻር ብንመለከተው፣ እያንዳንዱ ትውልድ የየራሱን መልስ ሲሰጥ፣ መልሱም በተራው ሲፈተን እናያለን።

ዕውቀትን በእጅ የመጻፍ ዘመን

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች «የባለሙያ ሥርዓት» የተባሉ ፕሮግራሞችን ይሠሩ ነበር። ሐኪሙ ወይም ኬሚስቱ የሚያውቀው ነገር በጥያቄና መልስ እየተቀዳ በደንብ መልክ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ማሽኑ በተጻፈለት ልክ ያውቃል፤ ካልተጻፈለት አያውቅም። የስታንፎርዱ ኤድዋርድ ፋይገንባውም ይህን ችግር የዕውቀት ቅሰማ ማነቆ ብለው ጠሩት። ጠርሙሱ ሰፊ ቢሆንም አፉ ጠባብ ነው፤ ዕውቀት ሁሉ በሰው እጅ ጠብታ በጠብታ ይገባ ነበርና።

ዳግላስ ሌናት በ1984 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ የጀመሩት ሳይክ የተባለ ፕሮጀክት ይህን ማነቆ በጉልበት ለመስበር የተነሣ ነበር። ሐሳቡ ቀላልና ደፋር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውንና ከመታወቁ የተነሣ መጽሐፍ የማይጽፈውን ነገር፣ ማለትም የሞተ ሰው ዕቃ እንደማይገዛ፣ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ ሲገለበጥ እንደሚፈስ፣ ልጅ ከእናቱ እንደማይበልጥ፣ አንድ በአንድ በሥነ አመክንዮ ቋንቋ መጻፍ ነው። ሥራው ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ፤ ሌናትም በ2023 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከዚህ ዓላማ አልራቁም።

ለጥያቄያችን ሳይክ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ስሕተትን የሚከላከለው ጸሐፊው ሰው ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከመግባቱ በፊት በባለሙያ ታስቦበታል። ክፍያው ግን ከባድ ነበር፤ ዓለም ከጸሐፊዎቹ እጅ ይልቅ ፈጥና ትለወጣለች።

ጥቂት ዘር፣ ብዙ መኸር

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በአንድ ትንሽ ምልከታ ነው። በ1992 ማርቲ ሄርስት የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ጽሑፍ ራሱ አንባቢውን ሳያስበው እንደሚያስተምር አሳዩ። ምልከታቸውን በአማርኛ ምሳሌ ላስረዳ። «እንደ ክራር፣ በገናና መሰንቆ ያሉ የአውታር መሣሪያዎች» የሚል ሐረግ ያነበበ ሰው፣ መሰንቆ ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ባይሰማ እንኳ የአውታር መሣሪያ መሆኑን ይረዳል። «እንደ» እና «ያሉ» የሚሉት ቃላት በራሳቸው ስለ ሙዚቃ የሚናገሩት ነገር የለም፤ ግን የዝርያና የወገን ዝምድናን ይጠቁማሉ። ኮምፒውተርም ትርጉሙን ሳይረዳ ቅርጹን ብቻ እየፈለገ ከሰፊ ጽሑፍ መሐል ብዙ እውነታ ሊለቅም ይችላል።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ የጉግል መሥራች ከሆኑት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ አራመዱት። ቅርጹን ሰው ከሚጽፈው ይልቅ ማሽኑ ራሱ ቢያገኘውስ? ብሪን የአምስት መጻሕፍትን ርእስና ደራሲ ብቻ ለፕሮግራማቸው ሰጡት። ፕሮግራሙ አምስቱ ጥንዶች በድረ ገጾች ላይ የት የት እንደተጻፉ ፈለገ፤ ከተጻፉበት አኳኋን ቅርጽ አወጣ፤ በቅርጹ ሌሎች መጻሕፍትን አገኘ፤ ከእነዚህም እንደገና አዲስ ቅርጽ አወጣ። በመጨረሻ ከአምስት ዘር ተነሥቶ ከ15,000 በላይ መጻሕፍትን ሰበሰበ።

በዚህ ሥራ ውስጥ በጥንቃቄ ልናነበው የሚገባ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በዑደቱ መካከል ፕሮግራሙ «ማጠቃለያ» የሚል ስም ያለው ደራሲ አገኘ፤ ከ200 በላይ መጻሕፍትንም ለዚህ ደራሲ ሰጠው። እንዲህ ያለ ሰው የለም። በገጾቹ ላይ «ማጠቃለያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የደራሲ ስም በሚጻፍበት ቦታ በመገኘቱ የተፈጠረ ስሕተት ነበር። ብሪን እነዚህን በእጃቸው ሰረዟቸው፤ በጠቅላላው ሒደት የሰው እጅ ጣልቃ የገባውም እዚህ ላይ ብቻ መሆኑን ጻፉ። ባይሰረዙስ ኖሮ? «ማጠቃለያ» ደራሲ ሆኖ በቀጣዩ ዑደት ሌሎች ሐሰተኛ ቅርጾችን ያስተምር ነበር። ይህ ችግር ኋላ የትርጉም መንሸራተት ተባለ። ራሱን የሚያስተምር ተማሪ፣ የተሳሳተውን እንደ መምህር ይቀበለዋልና።

በ2004 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኦረን ኤትዚዮኒና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ኖው ኢት ኦል የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ሌላ መልስ ሰጠ፤ እርሱም ቆጠራ ነው። አንድ ስም የከተማ ስም መሆኑ ቢጠረጠር፣ ስሙ «እንደ እነዚህ ያሉ ከተሞች» ከሚል ሐረግ ጋር በድረ ገጾች ላይ ስንት ጊዜ አብሮ እንደተጻፈ በመፈለጊያ ሞተር ይጠየቃል። ምስክሩ ከበዛ ይታመናል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ትልቅ ሩጫው ከ50,000 በላይ ስሞችን በየወገናቸው መድቧል። ይሁን እንጂ ዘዴው ድክመት ነበረው። በኢንተርኔት ላይ አንድ ጽሑፍ መቶ ጊዜ ሊገለበጥ ይችላል፤ መቶ ቅጂ ደግሞ መቶ ምስክር አይደለም።

የማያቋርጠው ተማሪ

ኔል የተወለደው ከዚህ ታሪክ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች በአብዛኛው አንድ ጊዜ ሠርተው ውጤታቸውን አስረክበው ያቆማሉ። ሚቸልና ባልደረቦቻቸው ግን የሰው ልጅ እንዲህ እንደማይማር አስተዋሉ። ሕፃን ልጅ ለብዙ ዓመታት፣ ብዙ ዓይነት ነገር፣ ትናንት የተማረውን ለዛሬው ትምህርት መሠረት እያደረገ ይማራል። ማሽንስ ለምን እንዲህ አይማርም?

ቡድኑ ለኔል መነሻ የሚሆን ሰሌዳ ሰጠው። በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ሰሌዳው እንደ ከተማ፣ ኩባንያ፣ ስፖርተኛ ያሉ 123 ምድቦችንና «እገሌ ለዚህ ቡድን ይጫወታል» የሚለውን የመሰሉ 55 ዝምድናዎችን የያዘ ነበር። ለእያንዳንዱም ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ የዘር ምሳሌዎች ተሰጡት። የሚያነበው ደግሞ በ2009 መጀመሪያ ከተሰበሰበና ክሉዌብ ከተባለ ክምችት የተወሰዱ 500 ሚሊዮን የእንግሊዝኛ ድረ ገጾችን ነበር። ወጪውን የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓና ጉግል ደገፉ፤ ያሁ ደግሞ የኮምፒውተር ክምችቱን አዋሰ።

የኔል ዋና ብልሃት ግን ብዙ ማንበቡ አልነበረም። የስሕተትን ጥያቄ የመለሰው ትምህርቶቹን እርስ በርስ በማሰር ነው። ሥሩ ሚቸል ከአቭሪም ብሉም ጋር በ1998 ባሳተሙት ሥራ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ሥራ፣ አንድን ድረ ገጽ በሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች መመዘን እንደሚቻል አሳይተው ነበር፤ አንደኛው በገጹ ላይ የተጻፉት ቃላት፣ ሁለተኛው ወደ ገጹ በሚያመለክቱ ማገናኛዎች ላይ የተጻፉት ቃላት ናቸው። ሁለቱ ተማሪዎች በየራሳቸው ማስረጃ እየፈረዱ አንዱ ለሌላው መምህር ይሆናል።

ኔል ይህን አሰፋው። በውስጡ አራት ንኡሳን ተማሪዎች ነበሩ። አንደኛው የዐረፍተ ነገር ቅርጾችን ያጠናል። ሁለተኛው በገጾች ላይ ያሉ ዝርዝሮችንና ሠንጠረዦችን ያነባል። ሦስተኛው የቃሉን መልክ፣ ማለትም አጀማመሩን፣ አጨራረሱንና በትልቅ ፊደል መጻፍ አለመጻፉን ይመረምራል። አራተኛው ከታወቁ እውነታዎች አዲስ ደንብ ያወጣል፤ አንድ ስፖርተኛ ለአንድ ቡድን ከተጫወተ፣ ቡድኑም የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሆነ፣ ስፖርተኛው ቅርጫት ኳስ ይጫወታል እንደማለት ነው። ከዚህም በላይ ምድቦቹ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ከተማ የሆነ ነገር ሰው ሊሆን አይችልም፤ ለቡድን የሚጫወተው ሰው እንጂ ወንዝ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ሲሳሳት የሌላው ዕውቀት ያግደዋል።

ቡድኑ በመዝገቡ የሰፈሩትን «እምነት» ብሎ ጠራቸው። እያንዳንዱ እምነት የታመነበት ልክ በቁጥር ይጻፍለታል፤ የትኛው ንኡስ ተማሪ እንዳቀረበውና በስንተኛው ዑደት እንደገባም ይመዘገባል። ይህ የቃል ምርጫ ለእኔ ከአጠቃላይ ሥራው ጥበብ አንዱ ነው።

የኩኪሱ ትምህርት

ውጤቱስ? ኔል በ67 ቀናት ውስጥ 242,453 አዳዲስ እምነቶችን መዘገበ፤ ከእነዚህም 74 በመቶ ያህሉ ትክክል እንደሆኑ ተገመተ። ለማሽን ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ቡድኑ በዚያው ጽሑፍ ቁጥሩን በጊዜ ከፋፍሎ በሐቀኝነት አቀረበው። በመጀመሪያው ሢሶ ትክክለኛነቱ 90 በመቶ ነበር፤ በሁለተኛው ወደ 71፣ በሦስተኛው ወደ 57 በመቶ ወረደ። የሚመዘግበው ብዛት አልቀነሰም፤ የሚታመንበት ግን እየቀነሰ ሄደ። ቀላሉን ነገር ቀድሞ ተምሮታል፤ የቀረው ከባዱ ነው፤ የቆየውም ስሕተት አዲስ ስሕተት ይወልዳል።

በኦክቶበር 2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ኔል ባወጣው ዘገባ የተነገረው የኩኪስ ነገር ይህን ከማንኛውም ቀመር በተሻለ ያስረዳል። ኔል የዳቦ መጋገሪያ ውጤቶችን በሚመለከት ምድብ ጎበዝ ነበር፤ ኬኩን፣ ዳቦውን፣ ኩኪሱን ለይቶ ያውቃል። አንድ ቀን ግን «የኢንተርኔት ኩኪዎች» የሚል ሐረግ አገኘ። እናንተ እንደምታውቁት እነዚህ ድረ ገጾች በኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ መረጃዎች ናቸው። ኔል ግን ስማቸውን አይቶ ከኬኩ ጎን አስቀመጣቸው። ቀጥሎም ሰዎች የኢንተርኔት ኩኪዎቻቸውን «እንደሚሰርዙ» አነበበ፤ ሰዎች ፋይሎቻቸውንም «እንደሚሰርዙ» አነበበ። እንግዲህ የሚሰረዝ ነገር ሁሉ የተጋገረ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ፋይልንም ከዳቦ ጋር መደበ።

ትስቃላችሁ፤ እኔም ስቄአለሁ። ግን እያንዳንዱን እርምጃ ብንመረምር ኔል አንድም ቦታ ከሥርዓቱ አልወጣም። የመጀመሪያውን እምነት ከተቀበልን የቀሩት በቅደም ተከተል ይመጣሉ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ትጋት ይሆን ነበር፤ ኔልን ያሳሳተው ግን ትጋቱ ነው። ኩኪና ፋይል ሁለቱም በአንድ ምድብ ስለገቡ የእርስ በርስ መጠባበቁም አልጠቀመም፤ ዘቦቹ የተሰለፉት በምድቦች ድንበር ላይ እንጂ በምድቡ ውስጥ አልነበረምና።

ቡድኑ ምን አደረገ? በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኔል ከሞላ ጎደል ያለ ሰው እርማት ሠርቶ ነበር። አብዛኞቹ ምድቦች ጥሩ ቢሄዱም ሩብ ያህሉ ወደኋላ መቅረታቸው ታየ። ስለዚህ ከጁን 2010 ጀምሮ ተመራማሪዎቹ በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዱን ምድብና ዝምድና ለአምስት ደቂቃ ያህል እየተመለከቱ ግልጽ ስሕተቶችን ማረም ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ብዙ አይደለም፤ ግን ወሳኝ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኔል 390,000 ያህል እውነታዎች እንደነበሩትና ትክክለኛነታቸው 87 በመቶ እንደሚገመት ተዘገበ። በብሪን ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ የታየው የሰው እጅ፣ እዚህ የትምህርቱ ቋሚ አካል ሆነ።

ኔል ከዚያ በኋላም ለዓመታት አነበበ። ቡድኑ በ2018 ባሳተመው ጽሑፍ የእምነቶቹ ብዛት 120 ሚሊዮን መድረሱን ገልጿል። ለምሳሌነት ከተጠቀሱት እምነቶች አንዱ ሻይ ከብስኩት ጋር እንደሚቀርብ የሚገልጸው ነው። ከኩኪሱ መከራ በኋላ ደግ ዜና ነው። ሆኖም ከእጩዎቹ እምነቶች መካከል ኔል በጽኑ የሚተማመንባቸው ትንሽ ክፍል ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹ በጥርጣሬ ተይዘው ማስረጃ ይጠብቁ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ኩባንያዎችም በዚሁ መንገድ ገብተው ነበር። ጉግል በ2012 ያወጣው የዕውቀት መረብ ሲጀመር ስለ 500 ሚሊዮን ነገሮች 3.5 ቢሊዮን እውነታዎችን ይዞ ነበር፤ ከምንጮቹ አንዱ ፈቃደኛ ሰዎች የሞሉት ፍሪቤዝ የተባለ መዝገብ ነው። በ2014 የጉግል ተመራማሪዎች ኖውሌጅ ቮልት በተባለ ሥራቸው ከድረ ገጾች 1.6 ቢሊዮን እውነታዎችን ሲለቅሙ፣ ከ90 በመቶ በላይ የታመኑት 271 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። እዚህም አዲሱን ንባብ የመዘኑት ሰዎች አስቀድመው በጻፉት ዕውቀት ነበር።

የጊዜና የቋንቋ ነገር

ከማጠቃለሌ በፊት ሁለት ፈተናዎችን ላንሣ። የመጀመሪያው የጊዜ ነው። በ2009 የተሰበሰበ ማንኛውም ጽሑፍ በአፍሪካ በቆዳ ስፋት ትልቋ አገር ሱዳን ናት ይላል፤ ትክክልም ነበር። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ትልቋ አልጄሪያ ሆነች። የቀድሞዎቹ ገጾች ግን አልተለወጡም። በሺህ የሚቆጠሩ ምስክሮች በአንድ ቀን ሐሰተኞች ሆኑ፤ አንዳቸውም ግን አልዋሹም። ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚማር ማሽን አዲስ መጨመር ብቻ ሳይሆን ያመነውን መተውም መቻል አለበት፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር መቼና ከማን እንደሰማ ማስታወስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው እኛን የሚመለከት ነው። የክሉዌብ ክምችት አሥር ቋንቋዎችን ይዟል፤ አማርኛ ከእነርሱ አንዱ አይደለም። በአንጻሩ በ2006 ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቃል ክፍል ለይተው ያዘጋጁት የአማርኛ ክምችት 1,065 የዋልታ ዜናዎችን፣ በድምሩ ወደ 210,000 ቃላትን የያዘ ነው። ሥራው በእጅ የተሠራና የተከበረ ነው፤ ከ500 ሚሊዮን ገጾች ጋር ሲነጻጸር ግን ርቀታችንን ያሳያል።

ርቀቱ የብዛት ብቻ አይደለም። የኔል ሦስተኛ ንኡስ ተማሪ በትልቅ ፊደል ይመራ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራልና። ፊደላችን እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። «ሰላም መጣች» እና «ሰላም ሰፈነ» በሚሉት ውስጥ የመጀመሪያው ቃል አንድ ነው፤ ሰው መሆኑን የሚነግረን ግሡ ብቻ ነው። ጎንደር አንድ ከተማ ናት፤ በጽሑፍ ግን «ከጎንደር»፣ «በጎንደር»፣ «የጎንደር»፣ «ጎንደርን» እያለች ትመጣለች። ፀሐይንም አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ፣ ሦስተኛው በሀሌታው ሀ ይጽፋታል። በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ማሽን ሁሉንም የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ምስክር በመቁጠር የሚያምን ከሆነ ደግሞ ምስክሮቹ ተበታትነውበት እውነቱን ይጥላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ዘዴ ቀድቶ ማምጣት አይበቃም፤ የቃላችንን አመሠራረት የሚያውቅ ሰው በሥራው ላይ መገኘት አለበት።

ማጠቃለያ

ዛሬ በእጃችሁ ያሉት ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከኔል እጅግ የላቀ ጽሑፍ አንብበዋል። ነገር ግን ያነበቡት በአኃዞች ባሕር ውስጥ ተሟሟ እንጂ በመዝገብ አልሰፈረም። ኔል ፋይል ዳቦ ነው ባለ ጊዜ፣ ተመራማሪው መዝገቡን ገልጦ ስሕተቱ የገባበትን ዑደትና ያስገባውን ንኡስ ተማሪ ማየት፣ ከዚያም መሰረዝ ይችል ነበር። ዛሬ አንድ ሞዴል ሲሳሳት ስሕተቱ የትኛው ቦታ እንደተቀመጠ ጠቁሞ መንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው። በችሎታ ብዙ አትርፈናል፤ ምንጭን የመጠየቅ መብታችን ግን ተዳክሟል። የኔል ታሪክ ያረጀ ቴክኖሎጂ ታሪክ ብቻ ያልሆነበት ምክንያትም ይህ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ቃል አጭር ነው። ከብሪን እስከ ኔል ያየነው ጥረት የሰውን እጅ ከትምህርቱ ለማስወጣት ተነሣ፤ የብሪንም የኔልም ሥራ ግን በመጨረሻ ያቺን እጅ ለጥቂት ጊዜ መልሶ ጠራት። በአማርኛ ያቺ እጅ የማን ትሆናለች? ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ስሕተቱን አይቶ የሚያርም፣ ያረመውን የሚመዘግብ ባለሙያ ከዚህ አዳራሽ ካልወጣ ከሌላ ቦታ አይመጣም።